ግድግዳውን የሞነጫጨረው ማን ነው?



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከመኖሪያ ቤት ግድግዳ ተነሥቶ እስከ ታላላቆቹ የዓለም ከተሞች የሚደርስ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣ፥ ብዙ ከንቲባዎችን ያስጨነቀ፥ ብዙ ወጣቶችንም ከፍርድ ቤት ያቆመ ጉዳይ ነው። ይኸውም የሌላውን ሰው ግድግዳ፥ የሕዝቡንም ባቡርና ድልድይ በቀለም የሚያበላሹትን ሰዎች በአዳዲስ መሣሪያዎች ለይቶ ለማወቅና ከዚህ ሥራቸው ለመግታት በየከተማው የሚደረገው ጥረት ነው።

አማርኛን በመማር ላይ የምትገኙ ባለሥልጣኖች እንድትጠቀሙበት አስቀድመን ሦስት ግሦችን እናብራራ። «ጻፈ» ማለት ሰው ሐሳቡን በፊደል ገለጠ ማለት ነው። «ጫረ» ማለት በሹል ነገር ቧጠጠ ማለት ነው፤ ዶሮ መሬት ትጭራለች፥ ሰውም ክብሪት ይጭራል። «ሞነጫጨረ» ማለት ግን ያለ ሥርዓትና ያለ ቦታው መስመርና ፊደል እየደጋገመ አሰፈረ ማለት ነው። ፈረንጆች «ግራፊቲ» የሚሉት ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን መሠረቱ መጫር ነውና፥ የእነርሱ ቃልና የእኛ «ጫረ» በትርጓሜ ይገናኛሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ያስተውል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው የሮማውያን ከተማ ፖምፔ በቁፋሮ ስትገለጥ፥ በግድግዳዎቿ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጽሕፈቶች ተገኝተዋል። ከእነዚህም ውስጥ የምርጫ ቅስቀሳ፥ የፍቅር ቃል፥ ስድብም አለባቸው። ስለዚህ ስሜን በግድግዳ ላይ ልተው የሚለው ምኞት ከሰው ልጅ ጋር የኖረ ነው። በዘመናችን የተለወጠው የቀለሙ ዓይነትና የከተማው ስፋት ነው።

ከቤት የሚገኝ ትምህርት

ወደ ሩቅ አገር ከመሄዳችን በፊት በማውቀው ቤት ውስጥ የሆነውን ላውጋችሁ። የቤቱ እመቤት ለበዓል ብላ የእልፍኟን ግድግዳ በኖራ አስቀባች። በማግሥቱ ጧት ስትነሣ፥ ከወለሉ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በከሰል የተሞነጫጨረ ነገር አገኘች። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። የሙንጭርጭሩ ከፍታ ከታናሹ ልጅ ትከሻ ጋር የተስተካከለ ስለ ነበረ፥ ሌላ ምርመራ ሳታደርግ እርሱን ቀጣችው። ልጁ «እማዬ፥ እኔ አይደለሁም» እያለ ቢያለቅስም የሚያምነው አላገኘም።

ከሦስት ቀን በኋላ ታላቁ ልጅ ሕሊናው ስለ ወቀሰው፥ «እማዬ፥ ተንበርክኬ የጻፍሁት እኔ ነኝ» ብሎ ተናገረ። እናቲቱም ደነገጠች። ግድግዳው የጽሕፈቱን ከፍታ ነገራት እንጂ የጻፈውን እጅ አልነገራትም ነበር። ታናሹን ስማ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ለታላቁ ግን ኖራና ብሩሽ ሰጥታ ግድግዳውን በእጁ አስቀባችው። ይሁን እንጂ ታናሹ ልጅ ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ሳይጠየቅ «እኔ አይደለሁም» ማለት ልማዱ ሆነ።

ይህን ያወጋሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማ ሹማምንት ዛሬ የሚጠይቁት ይህች እናት የጠየቀችውን ነው። በመጀመሪያ፥ ያበላሸው ማን ነው? በሁለተኛ፥ ማስረጃችን ምን ያህል የታመነ ነው? በሦስተኛ፥ ካገኘነው በኋላ ምን እናድርገው? እነዚህን ጥያቄዎች በተራቸው እንመልከታቸው።

የኒው ዮርክ ባቡሮች

በዘመናችን በዚህ ጉዳይ እጅግ የተፈተነችው ከተማ ኒው ዮርክ ናት። በሐምሌ ወር 1971 ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ መልእክት በማድረስ ይተዳደር ስለ ነበረ አንድ ወጣት ጻፈ። ወጣቱ የቅጽል ስሙንና የሚኖርበትን ጎዳና ቁጥር አጣምሮ «ታኪ 183» እያለ በሄደበት ሁሉ ይጽፍ ነበር። ወሬው በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ስሙን በዚህ መንገድ ለማስጠራት የሚሻው ወጣት እየበዛ ሄደ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የምድር ውስጥ ባቡሮቹ ውስጣቸውም ውጫቸውም በቀለም ተሸፈነ፤ መስኮቶቹ ስለ ተቀቡ ተሳፋሪው የደረሰበትን ጣቢያ ስም ለማንበብ እስኪቸገር ድረስ ሆነ።

ከተማይቱም ልዩ ልዩ ዘዴ ሞከረች። በ1972 በከንቲባ ጆን ሊንድሴይ ዘመን ይህን ድርጊት የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1981 በከንቲባ ኤድዋርድ ኮች ዘመን፥ በኩዊንስ ክፍል በሚገኘው የባቡሮች ማደሪያ ግቢ ዙሪያ ድርብ የሽቦ አጥር ተሠርቶ በሁለቱ አጥሮች መካከል ውሾች ተለቀቁ። በዚያ ግቢ መልካም ውጤት ቢገኝም፥ ባቡሩ የሚያድርበት ስፍራ ብዙ፥ ሐዲዱም ረጅም ስለ ሆነ፥ በአንድ በር የተከለከለው በሌላ በር ይገባ ነበር።

የነገሩ መልክ የተለወጠው ከ1984 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት የከተማውን ባቡርና አውቶቡስ የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት የተረከቡት ዴቪድ ጋን አንድ ቀላል ደንብ አጸኑ። ይኸውም አንድ ፉርጎ አንድ ጊዜ ከጸዳ በኋላ ቀለም ተቀብቶ ቢገኝ፥ እስኪታጠብ ድረስ ከሥራ ይወጣል እንጂ ተሳፋሪ አይጭንም የሚል ነው። ቁጥራቸው ከ6000 የሚበልጡትን ፉርጎዎች በአንድ ጊዜ ማጽዳት ስለማይቻል፥ ሥራው በየመሥመሩ ተራ በተራ ተካሄደ። በመጨረሻም ግንቦት 12 ቀን 1989 ቀለም የተቀባው የመጨረሻው ባቡር ከሥራ ወጣ።

ይህ ደንብ ውጤት ያገኘበት ምክንያት ሊታወቅ ይገባል። ስሙን በባቡር ላይ የሚጽፈው ወጣት ደመወዙ መታየት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በብርድና በፍርሃት ደክሞ የጻፈው ስም ጧት ከማደሪያው ካልወጣ፥ ጓደኞቹም ካላዩለት፥ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ ፈጥኖ ማጽዳት ትልቁ መከላከያ ሆነ።

የሚያዩና የሚያሸቱ መሣሪያዎች

ከዚያ ወዲህ ግን አዳዲስ መሣሪያዎች መጡ። ከእነዚህም መጀመሪያ የሚጠቀሰው የሥዕል መዝገብ ነው። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ፖሊሱ ወይም የጽዳት ሠራተኛው ግድግዳውን ከማጽዳቱ በፊት ፎቶግራፍ ያነሣል። ካሜራው ቦታውን፥ ቀኑንና ሰዓቱን አብሮ ይመዘግባል። ሥዕሎቹ በኮምፒውተር ከተከማቹ በኋላ አንዱ ከሌላው ጋር ይነጻጸራል። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ጽሕፈት እንደ ፊርማ ነው። የፊደሉ ዘንበል ማለት፥ የመስመሩ አጀማመርና አጨራረስ፥ ደጋግሞ የሚገባው ምልክት፥ ጸሐፊውን ከሌላው ይለየዋል። በዚህ ዓይነት አንድ ስም በየትኛው ሰፈር፥ በስንት ቦታ፥ በየትኞቹ ቀናት እንደ ተጻፈ በካርታ ላይ ይታያል፤ ፖሊሱም ዘበኛ የሚቆምበትን ሰፈርና ሰዓት ለመምረጥ ይረዳዋል። በኢንዲያና ክፍለ ሀገር የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም ከኢንዲያናፖሊስ ከተማ ፖሊስ ጋር ሆነው፥ ወሮበሎች ግዛታቸውን ለማመልከት በግድግዳ ላይ የሚያደርጉትን ምልክት በእጅ ስልክ ሥዕል አንሥቶ በቀለሙና በቅርጹ ከመዝገብ ጋር የሚያስተያይ ዘዴ ሠርተዋል።

ሁለተኛው የሚያሸት መሣሪያ ነው። በአውስትራልያ የሲድኒ ከተማ የባቡር አስተዳደር በ2015 ይፋ ያደረገው ዘዴ «የአይጥ ወጥመድ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። በፉርጎው ውስጥ የተሰወረ መሣሪያ ከሚረጭ ቀለም ወይም ከወፍራም ብዕር የሚወጣውን ሽታ ሲያገኝ፥ በዚያው ቅጽበት ለጠባቂዎቹ ያስታውቃል፤ የካሜራውም ሥዕል ወዲያው ይደርሳቸዋል። ባቡሩ በሚቀጥለው ጣቢያ ሲቆም ፖሊስ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በተሰጠው መግለጫ፥ ዘዴው በሙከራ ላይ ሳለ ከ30 በላይ ሰዎች ተይዘውበት ነበር። የቀለሙ ቆርቆሮ ሲጫኑት የሚያሰማውን የፉጨት ድምፅ ለይተው የሚሰሙ መሣሪያዎችም ተሠርተዋል።

ሦስተኛው የሚበር መሣሪያ ነው። የጀርመን የባቡር ድርጅት በ2013 ሙቀትን በሚያይ ካሜራ ሌሊት የሚጠብቁ ትንንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ለመሞከር ማቀዱን አስታወቀ። ድርጅቱ በዚህ ጉዳት ምክንያት በዓመት 7.6 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ያጣ ነበር፤ የአንዱም አውሮፕላን ዋጋ 60000 ዩሮ ያህል ነበር። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የጀርመን ሕግ የሰውን የግል ኑሮ በብርቱ ስለሚጠብቅ፥ አውሮፕላኖቹ በድርጅቱ ማደሪያ ግቢዎች ላይ እንጂ በሕዝብ መንገድና በሰው ቤት ላይ እንዳይበሩ ታስቦ ነበር። እንግዲህ መሣሪያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከዋጋው ጋር ወሰኑንም አብሮ ማሰብ አለበት።

አራተኛው ድምፅ የሌለው፥ ወሬም የማይነገርለት መሣሪያ ነው፤ እርሱም መከላከያ ቅብ ነው። ቅቡ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ሰም ያለ ሲሆን፥ ቀለም ሲረጭበት በሙቅ ውኃ ከቀለሙ ጋር አብሮ ይታጠባል፤ ከዚያም ግድግዳው እንደገና ይቀባል። ሁለተኛው ጠንካራና ቋሚ ሲሆን፥ ቀለሙ ስለማይጣበቅበት በመፍቻ ፈሳሽ ይወለወላል፤ ቅቡ ግን በቦታው ይቀራል። ይህ ዘዴ ማንንም አይከስም፥ ማንንም አይሰልልም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የአጥፊውን ድካም ከንቱ ማድረግ ነው።

መሣሪያም ይሳሳታል

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። መሣሪያው የሰጠን ማስረጃ ምን ያህል የታመነ ነው? ታናሹ ልጅ ያለ ጥፋቱ የተቀጣው እናቱ ክፉ ስለ ሆነች አልነበረም፤ አንድ ምልክት ስላገኘች ብቻ ሌላውን መጠየቅ ስለ ተወች ነው። በከተማም እንዲሁ ነው። የአንድ ሰው ፊርማ በጓደኛው ወይም በጠላቱ ሊቀዳ ይችላል። በግድግዳ ላይ የሚጻፈውን የቅጽል ስም አምስት ልጆች በጋራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። መዝገቡ ግን ሁሉንም ሥዕሎች በአንድ ስም ሥር ያኖራል።

ይህ ስሕተት ትንሽ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፥ በካሊፎርንያ ሕግ በንብረት ላይ የደረሰው ጉዳት 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነገሩ በከባድ ወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ቀላል ጥፋት ነው። እንግዲህ ሌሎች የጻፉት ሁሉ ተደምሮ በአንድ ልጅ ላይ ቢቆጠር፥ ልጁ በመደመር ስሕተት ብቻ ከቀላል ጥፋት ወደ ከባድ ወንጀል ሊሻገር ነው። የከባድ ወንጀለኛ መዝገብ ያለበት ወጣት ደግሞ ሥራ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚቸገር ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር አያስፈልግም።

የሰውን ፊት በካሜራ ለይተው ስሙን የሚናገሩ መሣሪያዎችም ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻሉ። በጥር ወር 2020 በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ አንድ ሰው እንዲህ ያለው መሣሪያ ተሳስቶ ስላመለከተው፥ ባልሠራው ሌብነት በሚስቱና በሁለት ሴቶች ልጆቹ ፊት ተይዞ ታሰረ። ንጹሕነቱ የታወቀው በኋላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመመዘኛዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2019 ብዙ ፕሮግራሞችን መርምሮ ያወጣው ጥናትም ይህን የሚያስረዳ ነው። በጥናቱ እንደ ተገለጠው፥ አንዱን ሰው ሌላ ነው ብሎ የማምታታቱ ስሕተት በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ተወላጆች ላይ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ በምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ላይ ግን ዝቅተኛ ነው። ልዩነቱ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይደርስ ነበር። ይህ ነገር እኛን የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎችን በቀጥታ ይመለከታል። ባሕር ተሻግሮ በሚመጣ መሣሪያ ላይ ፊርማውን የሚያኖር ባለሥልጣን፥ «ይህ ዕቃ የእኛን ሰው ፊት ለይቶ ያውቃልን?» ብሎ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለዚህ መሣሪያው ጠቋሚ ይሁን እንጂ ዳኛ አይሁን። ያመለከተውን ሰው ሌላ ማስረጃ ያስረዳበት፤ ሥዕሉን የሚያነጻጽር የሠለጠነ ሰው ይኑር፤ የተከሰሰውም ማስረጃውን አይቶ እንዲከራከር ዕድል ይሰጠው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌ በፍርድ ሥራ ላይ ሲሆን ይበልጥ ይጸናል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፥ የጠፋ ስም ግን በቀላሉ አይለቀምም።

ሙንጭርጭሩን መተው ይሻላልን?

ምናልባት ከአንባቢዎቼ አንዱ፥ «ለጥቂት ቀለም ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን ነው? ግድግዳው ቢሞነጫጨር ማንን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም በ2008 በሆላንድ አገር በግሮኒንገን ከተማ የተደረገ ሙከራ ይሰጠናል። ሊቃውንቱ ሰዎች ብስክሌት በሚያቆሙበት አንድ ጠባብ መንገድ በየብስክሌቱ መሪ ላይ ወረቀት አንጠለጠሉ፤ በአካባቢው የቆሻሻ መጣያ አልነበረም። ግድግዳው ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ወረቀቱን መሬት ላይ የጣሉት ከመቶ 33 ነበሩ። ያው ግድግዳ ከተሞነጫጨረ በኋላ ግን ከመቶ 69 ሆኑ።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ይኸ ነው። በአንድ የፖስታ ሣጥን አፍ ላይ 5 ዩሮ የሚታይበት ፖስታ ግማሹ ወጥቶ እንዲንጠለጠል ተደረገ። ሣጥኑ ንጹሕ ሳለ ፖስታውን የሰረቁት ከአላፊ አግዳሚው ከመቶ 13 ነበሩ፤ ሣጥኑ ሲሞነጫጨር ግን ከመቶ 27 ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ሌቦች ተብለው የተመረጡ አልነበሩም፤ ወደ ጉዳያቸው የሚሄዱ ተራ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የተበላሸ ግድግዳ፥ «በዚህ ሰፈር ሥርዓት የሚጠብቅ የለም» ብሎ ለአላፊው ሁሉ ይናገራል ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ከተያዘ በኋላስ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ሲንጋፖር ከ1966 ጀምሮ በጸናው ሕጓ ለዚህ ጥፋት የግርፋት ቅጣት ደንግጋለች። በ1994 መኪናዎችን በቀለም በማበላሸት የተከሰሰ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ስድስት ግርፋት ተፈርዶበት፥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ስለ እርሱ ከለመኑ በኋላ ወደ አራት ዝቅ ብሎለት ተገረፈ። ወሬውም በዓለም ሁሉ ተሰማ። ይሁን እንጂ በ2010 አንድ የስዊስ ዜጋ በዚያችው ከተማ የባቡሮች ማደሪያ አጥር ተቆርጦ በተከፈተው ቀዳዳ ገብቶ ባቡር ቀባ። ብርቱ ቅጣት ብዙዎችን ቢያስፈራም፥ ያልተጠበቀ አጥር ግን ፈታኝ ሆኖ እንደሚቀር ከዚህ እንረዳለን።

የፊላዴልፊያ ከተማ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በ1984 ከንቲባ ዊልሰን ጉድ ይህን ጥፋት የሚዋጋ ልዩ ክፍል አቋቋሙ፤ ዳግመኛ አላጠፋም ብሎ ለፈረመ ወጣትም ምሕረት ሰጡ። ጄን ጎልደን የተባሉት ሠዓሊት ተቀጥረው፥ ትናንት ግድግዳ ሲያበላሹ የነበሩትን ወጣቶች ሥዕል አስተማሩ። ወጣቶቹ የሞነጫጨሩትን ካጸዱ በኋላ፥ የሰፈሩ ሰዎች በፈቀዱላቸው ግድግዳ ላይ ትልልቅ ሥዕሎችን ሣሉ። ሥራው በ1996 ራሱን የቻለ የግድግዳ ሥዕል ድርጅት ሆነ፤ በከተማይቱም በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ተሣሉ። ኖራና ብሩሽ በልጇ እጅ ያስያዘችው እናትም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

የከተማ ሥራ በእጃችሁ ያለ ባለሥልጣኖች ሆይ፤ ካየነው ሁሉ የምናገኘው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የተበላሸውን ፈጥኖ ማጽዳት፥ አጥርን ማጥበቅ፥ ለግድግዳውም መከላከያ ቅብ መቀባት ይገባል። ቀጥሎ፥ የሚያይና የሚያሸት መሣሪያ ካስፈለገ ወሰኑን በደንብ አጽፎ፥ ውጤቱን በሰው አስመርምሮ መጠቀም ነው። በመጨረሻም የተገኘውን ወጣት ያበላሸውን በእጁ እንዲያቀና ማድረግ፥ ደግሞም ስሙ በመልካም የሚጠራበትን ሥራ ማሳየት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ከቅጣት ቢጀምር፥ ወጪው ይበዛል፥ ንጹሑም ከአጥፊው ጋር ይቀጣል።

ወላጆችም የሚሠሩት ድርሻ አላቸው። ልጅ ግድግዳ ሲሞነጫጭር ብዙውን ጊዜ «እዩኝ» ማለቱ ነው። ወረቀትና እርሳስ የተሰጠው፥ የሠራውንም የሚያይለት ያገኘ ልጅ የጎረቤቱን ግድግዳ አይሻም። ቤት ውስጥ ጥፋት ሲገኝም ከመቅጣት በፊት መጠየቅ፥ ከመጠየቅም በኋላ መስማት መልካም ነው፤ ያለ ጥፋቱ የተቀጣው ልጅ ኖራው ከደረቀ በኋላም «እኔ አይደለሁም» ማለቱን አልተወምና።